በማርያም እግር ሥር የተኛው ተራራ

ሥራ ያቆምኩት መልአክ ስለጠቀሰኝ ነው።

መሐል ሜዳ አጠገብ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ገብርኤልን ስሥል ቀኝ ዓይኑ ላይ ስደርስ እጄ ተንቀጠቀጠና የላይኛው ቆብ ወደ ታች ወረደ። በማግስቱ ሊያስቀድሱ የመጡ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው እየተሳሳቁ ሲያልፉ አየሁ። ላስተካክል ብዬ መሰላል ብወጣ ግራውንም ዓይን አጠፋሁት፤ ጠቃሹ መልአክ አንቀላፊ ሆኖ አረፈው። ለባለቤቴ ነገሩን ባጫውታት፣ "እንኳን ቀደም ብሎ ነገረህ፤ ሥላሴ ላይ ብትደርስ ኖሮ ስድስት ዓይን ነበር የምታጠፋው" አለችኝ። ብሩሾቼን አጠብኩና ጣሪያ ሥር ሰካኋቸው። የኛ ሥራ ጡረታ የለውም፤ መንቀጥቀጡ ራሱ ጡረታ ነው።

ደብሩም ሥዕሉን ከአዲስ አበባ አስመጣ። ላስቲክ ላይ የታተመ ነው፤ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ መጣ። ሲዘረጋ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከእመቤታችን ኋላ ፏፏቴ ይወርዳል፣ ደኑ ጥቅጥቅ ብሏል፣ ሐይቁ ላይ ዳክዬ ይንሳፈፋል። በዚያ በአንዱ ፏፏቴ ውስጥ ያለው ሰማያዊ እኔ ዕድሜ ልኬን ከቀባሁት ይበልጣል። ቀናሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

አጠገቤ የቆመ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት፣ "አባባ፣ በእርስዎ ጊዜ ለምን እንዲህ ያለ አገር አትሥሉም ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ነበረን እኮ" አልኩት።

ሳቀ። የሸመገለ ሰው መልስ መሰለው። እውነተኛው መልስ ግን ይህን ሁሉ ወረቀት የሚፈጅ ነው፤ ሥራ ፈት ስለሆንኩ ልጻፈው።

ወደ ሥዕል የመጣሁት በድምፄ ምክንያት ነው። ዜማ ልማር ገብቼ ነበር፤ መምህሬ አንድ ክረምት ሙሉ ከታገሡኝ በኋላ፣ "ይህን ልጅ ድምፅ የማይጠየቅበት ሥራ ላይ አስገቡት፤ በጎቹ ሳይቀሩ ይመልሱለታል" ብለው አሰናበቱኝ። እንዲህ ሆኜ አለቃ ጥሩነህ እጅ ወደቅሁ። አለቃ በመንዝና በግሼ ብዙ መቅደስ የሣሉ፣ አጭር፣ ወፍራም፣ በርኖሳቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ ሰው ነበሩ። ክፍያቸው ገብስና በግ ነበር፣ አንዳንዴም ተስፋ። በተስፋ የበለጸገ ሰው ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁ፤ ከሳቸው ነው የወረስኩት።

አለቃ ማንኛውንም ቅዱስ የሚጀምሩት ከእግሩ ነበር። ሌሎች ሠዓሊዎች ከፊቱ ይጀምራሉ፤ እሳቸው ግን፣ "ፊት የፈለግኸውን ይመስልልሃል፤ እግር ካልቆመ ግን የቀረው ሁሉ ይወድቃል" ይሉ ነበር። ከሰል ከማንሣታቸው በፊት ጫማቸውን ያወልቁና ግድግዳው ፊት ባዶ እግራቸውን ይቆማሉ። ሚካኤል ከሆነ እንደ ሚካኤል፣ ተክለ ሃይማኖት ከሆኑም በአንድ እግር፤ ያ ሆዳቸው እየተወዛወዘ በአንድ እግር ሲቆሙ እኔ ሳቄን ለመዋጥ ጥርሴን እነክስ ነበር። ከዚያ እኔን ያቆሙኛል። ዙሪያዬን እየዞሩ፣ "ክብደቱ የት ነው?" ይላሉ። "ቀኝ ተረከዜ ላይ" ስላቸው፣ "ዋሸህ፣ ጣትህ ላይ ነው" ይላሉ፤ ሁልጊዜም ልክ ነበሩ።

ሙጫውን ከበሬ ቆዳ ያፈሉታል። ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያደርጉና ከፈት ገጠም ያደርጉታል። "መሳም አለበት እንጂ መንከስ የለበትም" ይላሉ። የነከሰ ሙጫ ቀለሙን ያሰነጥቀዋል፤ ያልሳመ ሙጫ ደግሞ ቀለሙን እንደ ዱቄት ያራግፈዋል። ይህን ለማወቅ እኔ ስንት ዓመት ፈጀብኝ፤ ጣቴ ወፍራም ነው፣ አእምሮዬም ከጣቴ ብዙ አይሻልም።

አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። ከቅዱሳኑ ኋላ እኛ የምንቀባው ከላይ ቢጫ፣ ከታች ቀይ ነው፤ ከእግራቸው ሥር ቢበዛ አንድ አረንጓዴ መስመር። "አለቃ፣ ከኋላቸው ያለው ምንድን ነው?"

"ብርሃን።"

"ተራራ ቢሆንስ?"

"ተራራ ማየት የፈለገ በሩን ከፍቶ ይውጣ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በሩን ስትከፍት መንዝ አለ። የጓሳው ሣር በነፋስ ይተኛል ይነሣል፣ የአስታው ቁጥቋጦ በጉም ውስጥ ቆሟል፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ሽማግሌ ይማከራሉ። ይህን ለመሣል ማን ቀለም ያባክናል? ሰው ግድግዳ ላይ የሚያደርገው የሌለውን ነው፤ እኛ የሌለን ሰማይ ነበር፣ እሱን ሣልን።

ለብቻዬ የወጣሁበት የመጀመሪያ ሥራ መርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ብዙ ያልራቀ አንድ የጊዮርጊስ ደብር ነበር። ጊዜው የሃምሳዎቹ መግቢያ ነው። የጀማን ወንዝ ተሻግሬ ስወጣ ራሴን ከአለቃ የሚበልጥ ሠዓሊ አድርጌ ሾሜአለሁ። ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ ዘንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ። ክዳኑ ላይ ነጭ አናት ያለው ተራራ፣ ከሥሩ ሐይቅ፣ እንደ ጦር የሾሉ ዛፎች። ብስኩቱ ካለቀ ቆይቷል፤ እኔ የገዛሁት ክዳኑን ነው። ከጊዮርጊስ ኋላ ያንን አገር ሣልኩት። ለሐይቁ ልብስ የሚነጣበትን ሰማያዊ ዱቄት በጠበጥኩ። አቤት ሲያምር! ማታ ማታ ራሴን አቅፌ ልስም ምንም አይቀረኝም ነበር።

መጋረጃው ሲገለጥ አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው፣ "ያ ነጭ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ተራራ ነው፣ አባቴ።"

"አናቱ ላይ የተሰጣውን ነው የምልህ።"

"በረዶ ነው፤ እዚያ አገር አይቀልጥም።"

"የትኛው አገር?"

እንጃ! የብስኩት አገር ልበላቸው? ሽማግሌው ወደ ሕዝቡ ዞሩና፣ "እንግዲህ ጊዮርጊስ አገር ለቆ ሄዷል፤ ከብቱን የሚጠብቅልን ሌላ ፈልጉ" አሉ። ሳቁ እስከ ጓሮው ተሰማ። ወዲያው ግን አንዲት እናት ማልቀስ ጀመሩ፤ ልጃቸው ታሞ ስለት የተሳሉት ለአጥቢያቸው ጊዮርጊስ ነበር፣ ለዚህ ለማያውቁት አገር ሰው አልነበረም። ያኔ ሳቁ ቆመ።

በቢጫ ልሸፍነው ሞከርኩ። ክረምት ሲገባ እርጥበቱ ሰማያዊውን ከሥር እየሳበ ወደ ላይ አወጣው፤ ቢጫው አረንጓዴ እየሆነ እንደ ሻጋታ የፈረሱን ሆድ ወረሰው። ነጩ ፈረስ የታመመ አህያ መሰለ። ሰዎቹ ግድግዳውን በቢላዋ ፋቁት። መሰላሉን የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ። ከሥዕሉ የተረፈው አንድ ሰኮና ብቻ ነው።

አለቃ ጋ ተመልሼ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። "ክብደቱ የት ነበር?" አሉኝ። ያ አገር ክብደት የለውም፤ ቆምኩበት ያለ ሰው አልሰማሁም፣ ማንም ሲያርሰው አላየሁም። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ማንም ለብቻዬ አልጠራኝም። ወሬ እንደሆነ ከኔ በቅሎ ቀድሞ ይደርሳል።

ዓመታት አልፈው አለቃ አርጅተው፣ ዓይናቸው ደክሞ ሳለ ከግሼ መልእክት መጣ። ከራቤል የግማሽ ቀን መንገድ የሆነች አንዲት የማርያም ደብር አዲስ ተሠርታለች፤ ከመመረቋ በፊት ትሣልልን አሉ። አለቃ፣ "እኔ ቀለም እበጠብጣለሁ፣ አንተ ትሥላለህ" አሉ። እኔ ገባኝ፤ ሥራው ከሰመረ ስሜ ይነሣል፣ ከተፋቀ ግን ወደ እርሻ መመለስ ነው። እርሻ ደግሞ አባቴ ሞክሮኛል፤ ሞፈሩን ሳይቀር አሳዝኜዋለሁ።

ጉሙ በጠዋት ሲገፈፍ ደረስን። ከመንደሩ ፊት ለፊት የበቅሎ ጀርባ የሚሉት ተራራ ተጋድሟል፤ ቅርጹ በእርግጥም የተኛች በቅሎ ነው። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አንድም ዛፍ የለበትም። ጎርፍ ጎኑን ሰንጥቆ ውስጡን አውጥቶታል፤ ከላይ ስስ ጥቁር አፈር፣ ከሱ በታች ቀይ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ እንደ አመድ ነጭ፣ የብራና መጽሐፍ በጎኑ ሲተኛ ቅጠሎቹ እንደሚታዩት ተደራርቦ። ፀሐይ ሲያርፍበት ቀዩ ነደደ። ተራራ ቆዳው ሥር እንዲህ ያለ ቀለም ይዞ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በቅሎዋን መሳብ ረሳሁ።

ከገደሉ ሥር እንስራ ያዘሉ አንዲት ሴት እያለከለኩ መጡ። እትዬ ዘነበች ይባላሉ፤ ስማቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው።

"ምን አፍጥጠህ ታያለህ?" አሉኝ።

"ማማሩን ነው፣ እትዬ።"

"ማማሩን?" እንስራውን ድንጋይ ላይ አሳረፉ። "ራቁቱን የቀረ ሰው አይተህ ገላው ያምራል ትለዋለህ እንዴ? ምንጩ እዚያ ነበር፣ ከዛፎቹ ሥር። አሁን ቆላ ድረስ ወርጄ ነው የምቀዳው። ተሸከምልኝና ከዚያ በኋላ ማማሩን ንገረኝ!"

ተሸከምኩላቸው። መንደር ስንደርስ ስለ ውበት የምናገረው አንድ ቃል አልቀረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞዋ ቤተ ክርስቲያን በመብረቅ ተቃጥላ ታቦቷ ለዓመታት በጎጆ ውስጥ ቆይታለች። የአጥቢያው ጭቃ ሹም አቶ ሽፈራው አዲስ ሊያሠሩላት ቃል ገቡና የበቅሎ ጀርባን ጽድ አስቆረጡ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። መንደሩ ሁሉ መጥረቢያ ይዞ ወጣ። ግንዱ ለቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ጫፍ ጫፉን ሰው ለማገዶና ለአጥር ወሰደው፤ ተዳፋቱንም ገብስ ዘራበት። ጥቂት ክረምት አለፈና አፈሩ ወረደ፣ ምንጩ ደረቀ። እንግዲህ ሁሉም ጣቱን ወደ አንድ ሰው ቀሰረ።

ወደ መቅደሱ ስንገባ ቅዝቃዜና የጽድ ሽታ ተቀበለን። ምሰሶዎቹ ለሁለት ሰው እቅፍ የሚተርፉ ናቸው፤ ጣሪያውን ቀና ብዬ ሳይ ማገሩ እንደ ቅርንጫፍ ተጠላልፎ ጨለማ ውስጥ ይጠፋል። አለቃ መዳፋቸውን ምሰሶው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ጣታቸው ላይ ሙጫ ተጣበቀ። "ገና ያነባል" አሉ። ያን ጊዜ ነው የታየኝ፤ ደኑ አልጠፋም፣ ተነሥቶ ከተራራው ወርዶ እዚህ ገብቶ ቆሟል። ጠጉሬ ቆመ። ያኔ ጠጉር ነበረኝ።

አሁን ወጋችንን ላስረዳ። የማርያምን ሥዕል ያሠራ ሰው ከእግሯ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ይሣላል። አጠገቡ በግእዝ "ተማኅፀነ በኪ ገብርኪ"፣ ባሪያሽ ተማፀነብሽ ማለት ነው፣ ይባልና ስመ ክርስትናው ይጻፋል። ከዚያች ቦታ የሚበልጥ ምኞት የለም፤ ሰውዬው ከሞተም በኋላ እዚያው ተደፍቶ ይለምናል። አቶ ሽፈራው ያቺን ቦታ ሲጠብቁ ኖረዋል። ልጅ የላቸውም፤ ሚስታቸውን ቀብረዋል፤ የሚለምንላቸው ያ ሥዕል ብቻ ነው። ቤቷ እስክትመረቅ ቁልፉ በእጃቸው ስለነበረ በየጠዋቱ ካባቸውን ለብሰው ይመጡና፣ "ልክ እንዲሆንልህ" እያሉ መሬት ላይ በደረታቸው ይተኙልኛል። እኔ በገመድ እለካቸዋለሁ። ሲነሡ አቧራቸውን የማራግፍ እኔ ነኝ። መሳቅ ያምረኝና ፊታቸውን ሳይ ይጠፋብኛል፤ እውነታቸውን ነበር የሚተኙት።

እሑድ ታቦቷ ባለችበት ጎጆ ከተቀደሰ በኋላ የሰንበቴው ዳቦ ሲቆረስ ነገሩ ፈነዳ።

እትዬ ዘነበች ናቸው የጀመሩት። "እንግዲህ ማርያምን ስሳለም የጭቃ ሹምን ጀርባ ልስም ነው?"

"ምን አደረግሁሽ?" አሉ አቶ ሽፈራው።

"ምንጬን ቀበርክብኝ።"

"መጥረቢያ የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ? ጫፉን ተሸክመሽ አልሄድሽም? ተዳፋቱን ያረሰው ባልሽ አይደለም?"

"አርሷል" አሉ እትዬ ዘነበች ዳቧቸውን እየቆረሱ። "እንግዲያው ባሌም አይሣል።"

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የወዳጅ አልነበረም። አንድ ገበሬ ተነሥቶ፣ እሳቸው ከተሣሉ ያንን ግድግዳ የሚሳለም አይኖርም አለ። ብዙዎች "እውነት ነው" አሉ። አቶ ሽፈራው ካባቸውን በእጃቸው ጨበጡ።

አለቃ ከበርኖሳቸው ውስጥ ድምፃቸውን አወጡ። "ለዚህች ቤት ከሁሉ የበለጠ የሰጠ ማነው?"

አንዱ በሬ ሸጬ አለ፣ አንዱ ድንጋይ ተሸክሜ አለ። እትዬ ዘነበች እጃቸውን በበሩ በኩል ወደ ውጭ ዘረጉ። "የሰጠማ ያውላችሁ! ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ራቁቱን የተኛው። እሱን ሣሉት!"

ሁሉም ሳቀ። አለቃ ብቻ አልሳቁም።

በማግስቱ ጠዋት፣ "ሂድና ክብደቱ የት እንደሆነ አይተህ ና" አሉኝ።

"የማን፣ አለቃ?"

"የተራራው። ሰጪው እሱ ነው ተባለ አይደል?"

"ተራራ ማየት የፈለገ በሩን ከፍቶ ይውጣ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ያኔ በሩን ስትከፍት ተራራው ነበር" አሉኝ።

ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። አለቃ ባያዩኝም እንደሚያውቁብኝ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ዞርኩት። በላይ በኩል ተራራው ክብደት የለውም፤ አፈሩ እግር ሲያርፍበት ይሄዳል፣ ጠጠሩ ይንኳለላል። ክብደቱን ያገኘሁት በስተምሥራቅ ከጎርፉ ቦይ ውስጥ ገብቼ ቀና ስል ነው። የተቆረጡት ጽዶች ሥሮች እንደ ጣት ወጥተው የቀረውን አፈር ጨብጠውታል። ግንዱ ሄዷል፣ ሥሩ ግን አልለቀቀም። በላዬ ያ ሁሉ ቀይና ቢጫና ነጭ ተገትሯል፤ እኔ ከሥሩ እንደ ጉንዳን ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት የሚቆሙበት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ፤ እሱም እንደኛ የሚቆም፣ የሚደክም ነገር ነው። ብዙ ቆየሁ። ኋላም እንደ ሌባ ዙሪያዬን አይቼ ከየቀለሙ ስልቻዬን ሞላሁ።

አፈሩን በውሃ በጠበጥነው፤ ጠጠሩ ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ወደ ሌላ ገንቦ ገለበጥን፣ እንደገና አዘቀጥን፣ በወፍጮ ድንጋይ ላይ እንደ ቅቤ እስኪለሰልስ ፈጨነው። ነጩ አስቸገረ፤ ሙጫውን ጠጥቶ ይራገፋል። አለቃ በማይታያቸው ዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው፣ "ገና አልሳመም፣ ጨምርበት" እያሉ አደረሱልኝ። የሰጪው ቦታ ከግድግዳው ግርጌ ስለሆነ ቁጭ ብሎ አይሣልም። በደረቴ ተኛሁ። ለዚህ ሆዴ ከሥሩ ቁርበት አነጠፍኩለት። እንግዲህ እኔም ሳላስበው ከእግሯ ሥር ተደፍቼ ሰነበትኩ።

ተራራውን በራሱ አፈር ሣልኩት። ጀርባውን እንደ ተደፋ ሰው ጀርባ፣ የጎርፉን ሰንጥቅ እንደ ጎድን፣ በስተምሥራቅ ያሉትን ሥሮች እንደ ተዘረጉ ጣቶች። አንድም አረንጓዴ አልነካሁም። ደርቆ ቀለሙ ሲበራ ደነገጥኩ። በሩን ከፍቼ ወደ ውጭ አየሁ፤ ዞሬ ግድግዳውን አየሁ። አንድ ነበሩ። የኔ እጅ ይህን አደረገ ለማለት አፍ አልነበረኝም፤ እኔ ያቀረብኩት ሆዴን ነው።

ከዚያ እሑድ ወዲህ በሩን ከፍተውልን ከደጅ ይመለሱ የነበሩት አቶ ሽፈራው እንደ ቀድሞ ልማዳቸው ካባቸውን ለብሰው ሊተኙልኝ መጡ። ቦታው ተይዟል።

አዩት። ፊታቸው ሳይለወጥ፣ "ውጡ" አሉን። በሩን ቆለፉና ቁልፉን ይዘው ሄዱ።

መንደሩ ተሰበሰበ። አንዳንዱ በሩ ይሰበር ይላል፤ እትዬ ዘነበች እንኳ፣ "እኔ በቀልድ ነው የተናገርኩት" እያሉ ይምላሉ። ለምረቃው የቀረው ጥቂት ነው፤ ጭቃ ሹሙ ሥዕሉን ካስፋቁት እኔ አበቃሁ። አለቃን፣ "ምን እናድርግ?" ስላቸው፣ "እንቀመጥ" አሉኝ። ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጥን። ቀን አለፈ፣ ሌላም አለፈ። አለቃ ያንኮራፋሉ፤ እኔ የመርሐቤቴውን ሰኮና እያሰብኩ ቀለጥኩ።

ከዚያ አንድ ጠዋት አቶ ሽፈራው ብቻቸውን መጡ። ካባቸውን አልለበሱም። ሳይናገሩኝ በሩን ከፈቱና በእጃቸው ና አሉኝ።

ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆሙ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ሳይነኩ አመለከቱ። "እዚህ ላይ ትልቁ ጽድ ነበረ። መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ። እዚህ ጋ ደግሞ ምንጩ።" ቀና አሉ። "ዛፎቹን ለምን አልሣልካቸውም?"

"አላየኋቸውም፣ አባቴ።"

"እኔ ደግሞ ሽማግሌ እስክሆን ከሥራቸው ኖሬ አላየኋቸውም። ምሰሶ ነበር የማየው።"

ሳስበው፣ እኔም ብሆን ደኑ ቆሞ ሳለ ብመጣ ቢጫና ቀይ ቀብቼ እመለስ ነበር።

"ከጎኑ ምን ልትጽፍ ነው?" አሉኝ።

"ተማኅፀነ በኪ ገብርኪ ካልኩ በኋላ ስሙ ነው የቸገረን። ተራራ አልተጠመቀ፣ ስመ ክርስትና የለው።"

ዘወር ብለው በሩን አዩ፤ ማንም የለም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ወልደ ሰንበት ብለህ ጻፍ።"

"የማን ስም ነው?"

"የኔ።"

"እርስዎን ሳልሥል?"

"ሥለኸኛል" አሉና ቁልፉን በእጄ አስጨብጠውኝ ወጡ።

ጻፍኩት። እንደዚያ ቀን ፊደሌ ቀጥ ብሎ አያውቅም።

በምረቃው ዕለት ሰው እየተጋፋ ገባ። አንድ ዲያቆን ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበው። "ወልደ ሰንበት ማነው?" ተባባሉ። የጭቃ ሹሙን ስመ ክርስትና የሚያውቁት የንስሐ አባታቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም እንደ ወጉ ዝም አሉ። እኔም ለአንድ ጊዜ በሕይወቴ አፌን ዘጋሁ። እትዬ ዘነበች ግን መላ አላጡም። "ማን ይሆናል? የተራራው ነዋ! አለቃ አስጠምቀውት ይሆናል" አሉና ተጎንብሰው ሥዕሉን ተሳለሙ። ሌላውም ተከተላቸው። አቶ ሽፈራው ከሁሉም ኋላ ምሰሶ ተደግፈው ያዩ ነበር።

ወሬው ዞረ። ከዚያ በኋላ ከመንዝም ከግሼም ከመርሐቤቴም፣ "የኛንም ተራራ ሣልልን" እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። የሚጠሩኝ ግን ተራራቸው የተላጨባቸው ብቻ ነበሩ። ደን ካለበት አገር አንድም ቀን እንዲህ ያለ ጥሪ አልመጣልኝም፤ እነሱ ቢጫና ቀይ ይበቃቸዋል። ያን ጊዜ ዛፍ ሣልልን የሚልም አልነበረም፤ እሱ የመጣው ቀስ እያለ ነው፣ የዛፉን መልክ የሚያውቅ ሰው ሲያልቅ። መጀመሪያ ባሕር ዛፍ አሉኝ፤ ገነት ውስጥ ባሕር ዛፍ ተክያለሁ፣ አዳም ቢታቀፈው ደስ ይለዋል ብዬ። ቀጥሎ ፏፏቴ አሉኝ።

ከዚያች ደብር የተለየንበት ጠዋት ቅዝቃዜው ጆሮ ይቆርጥ ነበር። አለቃን በቅሎ ላይ አውጥቼ ኮርቻውን እያጠበቅሁ ሳለ አቶ ሽፈራው ሊሸኙን መጡ፤ የገደሉ አፋፍ ድረስ አብረን ሄድን። ከፊታችን እትዬ ዘነበች ባዶ እንስራቸውን አዝለው ወደ ቆላ ይወርዳሉ። ተራራው ፊት ሲደርሱ ቆም አሉ፤ እንደ ጎረቤት ጎንበስ ብለው እጅ ነሡት።

"ወልደ ሰንበት፣ እንዴት አደርክ?" አሉት፣ ጮክ ብለው።

ከኋላዬ፣ ከኔ አልፎ በማይሰማ ድምፅ፣ አቶ ሽፈራው መለሱ።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"